የሚዶ ሠሪው አፍ ሆኜ

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አትሄዱበትም፤ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ አውቶቡሱም ሲያሰኘው ነው የሚመጣው። ከተማችን በሁለት ኮረብታ መሀል ተወትፋ የቀረች ናት። ከታች ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አጥሩ ከፍ ያለ ግቢ አለ። ስለ ግቢው እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ሕጋችን ልንገራችሁ፤ እሱን ያላወቀ ሰው የሆነውን ሁሉ ቢሰማ ቀባጠረች ይለኛል።

በእኛ አገር አንድ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ከጀመረ፣ የእሱም ድምፅ እንዳይሰማ ይደነገጋል። «እሱ እኛ የማንሰማውን ይሰማል፤ እኛ ደግሞ እሱን አንሰማውም፤ ተቻቻልን» ይላሉ ሹሞቻችን። ሲሉትም ፈገግ አይሉም። ከዚያ ለበሽተኛው አፍ ይመረጥለታል። አፍ ማለት ሰው ነው፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽተኛው ከገዛ ጉሮሮው የሚያወጣው ነገር ሁሉ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይቆጠራል። ቃል የሚባለው አፉ የተናገረው ብቻ ነው። አፉም «እሱ እንዲህ ይላል» ማለት አይፈቀድለትም፤ «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው። «እሱ» ካለ ወሬ ነው፣ «እኔ» ካለ ቃል ነው።

እኔ ትጓደድ እባላለሁ። ጃንጥላ እጠግናለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰባተኛን ያልተማርኩት ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ላይ ስላለቀ እንጂ እኔ ስላለቅኩ አይደለም። ጎረቤቴ ጥላዬ ሚዶ ሠሪ ነው። ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ እሱ እዚያ ቀንድ ሲሞርድ እዚህ የኔ ብርጭቆዎች ይንቀጨቀጫሉ። ቀንዱን ያፈላና ያለሰልሰዋል፣ በድንጋይ ተጭኖ ያሳድረዋል፣ ከዚያ በቀጭን መጋዝ ጥርስ ያወጣለታል። የሚዶ ጥርስ እኩል ካልሆነ ፀጉር ይነጫል። የሱ አይነጭም። በከተማው የሱ ሚዶ ያልገባበት ፀጉር ከኔ በቀር የለም። የኔ ይሰብረዋል።

«እትዬ ትጓደድ፣ ላንቺስ ከሐዲድ ብረት ነው የምሠራው» ይለኛል።

«አንተ ለቀንድ ጥርስ ከምታወጣ መጀመሪያ ለራስህ አታወጣም?» እለዋለሁ። ፊት ለፊት ሁለቱ ጥርሶቹ የሉም።

እንዲህ ስንባባል ኖርን። ድምፆቹ የመጡት ክረምቱ ረዝሞ አልወጣ ባለበት ዓመት ነው። መጀመሪያ «ቀንዱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አለ» አለኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ምግብ ተወ፤ ምራቅ ተፍተውበታል ብለውታል። ከዚያ የሚዶውን ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ እያወጣ ሌላውን ወገን ደፍኖ መተው ጀመረ፤ በዚያ በኩል ቢያወጣ ሰው ይሞታል ብለውታል። ያኔ መሳቄን ትቼ እጁን ይዤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ኪኒን ሰጠው። ክፉ ኪኒን አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ የምናደደው በኪኒኑ አይደለም። ድምፆቹ ራቁለት፣ በላ፣ ተኛ፣ ስለ ፀጉሬም መልሶ ይሰድበኝ ጀመር። ብቻ እጁ ተንቀጠቀጠ። መጋዙን ሲያነሳ ክንዱ እስከ ክርኑ ይርገበገባል፤ የሚዶው ጥርስ ከሥሩ ይነቀላል። በሩ ሥር የተሰበረ ቀንድ ተከመረ። ስለዚህ አንዳንድ ቀን ይውጣል፣ አንዳንድ ቀን ይተዋል። ሲውጥ እጁን ያጣል፣ ሲተው ጆሮውን ያጣል።

ይህ ሲሰማ አፍ ይመረጥለት ተባለ። እኔን መረጠ። ሥርዓቱ አጭር ነው፤ በሽተኛው ስሙን በአፉ ጆሮ ሹክ ይላል፣ አፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። በዚያ ሁሉ ሹም ፊት ጥላዬ ሥርዓቱን የሚመሩትን ሹም እያየ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ የሰውየው ፀጉር ሚዶ አይቶ አያውቅም» አለኝ። እኔም ከንፈሬን ነክሼ «ጥላዬ ነኝ» አልኩ። አለቀ። ድምፁ ከከተማው ወጣ።

ገበያ ውስጥ የሚሆነውን ብታዩ። ጥላዬ ሚዶውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ገዢዋ ወደ እኔ ዞራ «ትጓደድ፣ ይሄ የበሬ ነው የፍየል?» ትላለች።

«የበሬ ነው» ይላል ጥላዬ።

ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ሰማዩን ታያለች።

«የበሬ ነው» እላለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ ትጓደድ።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ሕግ አክባሪ ናት። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ ያን ሰሞን ኪኒኑን ትቶ ስለነበር፣ «ዛሬም ያናግሩሃል?» አልኩት፤ ድምፆቹን ማለቴ ነው።

«ያናግሩኛል» አለ። «ስድባቸው መከራ ነው። ግን እትዬ፣ እነሱ ቢያንስ እኔን ነው የሚያናግሩት።»

 

አሁን ወደ ግቢው ደረስኩ። መድኃኒቱን የማይውጥ በሽተኛ ይመከራል፤ ካልሰማ ወንዙን ይሻገራል። ከማዶ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። የተመለሰ ልብስ ግን አይቻለሁ። ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በደንብ ተተኩሶ ነው የሚመጣው። ግቢው በንጽሕናው የተመሰገነ ነው።

ጥላዬ ከምክሩ በኋላ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። «ኪኒኑን አልጠላሁትም። ይቀንሱልኝ፣ ወይ ሌላ ዓይነት ይስጡኝ። እጄን ይተዉልኝ እንጂ እውጣለሁ። ይህን ብቻ ንገሪልኝ።» ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ቀላል መስሎኝ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ «የእሺታ ቢሮ ካልፈቀደ መጠን መቀየር አልችልም» አለኝ።

የእሺታ ቢሮ ሥራው ሰው ሁሉ እሺ ማለቱን ማረጋገጥ ነው። ምን ተብሎ እሺ እንዳለ ማጣራት የሌላ ቢሮ ሥራ ነው፤ ያ ቢሮ ገና አልተከፈተም። ሹሙ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ የአፍ ሥርዓቱን የመሩትም እሳቸው ነበሩ። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ወንበር ይስባሉ። ከጥላዬ ጋር ገባን። እሳቸው ግን እኔን ብቻ አዩ፤ እኔንም ጥላዬ አድርገው።

«እሺ ጥላዬ፣ ምን ሆነህ ነው የማትውጠው?»

ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ደርቤ፣ «ጌታዬ፣ ኪኒኑ እጄን ያንቀጠቅጠዋል» አልኩ። ሌላ ማለት አልችልማ።

«አሳየኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። የጃንጥላ ጠጋኝ እጅ ነው፤ በነፋስ መሀል ክር በመርፌ የሚያሾልክ። ንቅንቅ አላለም። አቶ ልሳነወርቅ አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ውሃ አስመጥተው አስያዙኝ። ጠብታ አልፈሰሰም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እጄን ጠልቼው አላውቅም።

ጥላዬ ከጎኔ ተነሣ። ሁለቱን እጆቹን አቶ ልሳነወርቅ አፍንጫ ሥር አቀረበ። ኪኒኑን የዋጠበት ቀን ነበር፤ ጣቶቹ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ፣ የሹሙን የወረቀት ጫፍ ሁሉ ያንቀሳቅሱታል። «ጌታዬ፣ እነዚህ ናቸው እጆቼ» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ተላላኪው ዞሩ። «ነፋስ ገባ፤ መስኮቱን ዝጋው።»

ተዘጋ። «እጅህ ጤነኛ ነው» አሉኝ እኔን። «ያልሆነውን ሆነ ማለት ደግሞ የበሽታህ ጠባይ ነውና አንቀየምህም። ዋጥ።»

ከዚህ በኋላ ነው ቆቡ የመጣው። ከሩቅ አገር የመጣ መሣሪያ ነው አሉ፤ በድምፅ ማጉያ ከተማው ሁሉ ተነገረው። የማይበሳ፣ የማይቀድ፣ ደም የማያወጣ። ጭንቅላት ላይ ይደፋል፤ ከውስጡ ያለው ማግኔት ከውጭ ሆኖ አንጎልን ቀስ ብሎ ያንኳኳል፤ መድኃኒቱን እምቢ ያለ ሰው እሺ ይላል። ቆቡን ይዛ የመጣችው ወይዘሪት አዜብ የምትባል ባለሙያ ናት። አነጋገሯ ከማጉያው ይለያል፤ ልጅቷ ጥንቁቅ ነበረች።

«እናቴ፣ እሺ ያሰኛል አላልኩም» አለችኝ። «ግንባር አካባቢ ሰው የሚያቅድበት፣ የሚያስታውስበት፣ ሕመሙንም የሚያስተውልበት ቦታ አለ። በሕመሙ ምክንያት መድኃኒቱን መከታተል ያቃተውን ሰው ይረዳው እንደሆነ ነው የሚሞከረው። ይረዳ ይሆናል። ገና እየተጠና ነው።»

ይህን ለጥላዬ ነገርኩት። አሰበበትና «ያንኳኩኝ፣ ምን ከፋኝ» አለ። «ግን እኔ መዋጥ አልረሳሁም እኮ። መታመሜንም አውቃለሁ። ያቃተኝ ሌላ ነው፤ እሱን ማን ጠየቀኝ?»

ቢሆንም ማልደን ሄድን። ወንበሩ ተዘጋጅቷል፣ ቆቡ ተሰቅሏል። ጥላዬ ሊቀመጥ ሲል አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። እምቢታው የወጣው ከየት ነው?» አሉ ጸሐፊያቸውን።

«ከአፉ ነው ጌታዬ።»

«አፉ ማነው?»

«ትጓደድ።»

«እንግዲያው እምቢታው ያለው ትጓደድ ጋ ነው። ትቀመጥ።»

ወይዘሪት አዜብ ቀለሟ ተለወጠ። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቆቡ የሚሠራው የታመመው ሰው ጭንቅላት ላይ ነው።»

«ሕጉ ጭንቅላት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ልጄ። የሚያውቀው አፍ ነው።»

«ታዲያ ቆቡን አፌ ላይ ሊደፉት ነው?» አልኩ።

አቶ ልሳነወርቅ አልሳቁም። ለጸሐፊያቸው «ባለጉዳዩ ቀልድ ያበዛል በል» አሉ።

«አልቀመጥም!» አልኩ። «እምቢ!»

ይህን ጊዜ ነው ደስ ያላቸው። ጸሐፊው፣ ተላላኪው፣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር አንገታቸውን ነቀነቁ። እምቢታው ተገኘ፤ እንዳሉት እኔ ጋ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ወንበራቸውን ሳቡና ዝግ ባለ ድምፅ «አንተ ካልተቀመጥክ ያው ወንዝ አለ» አሉኝ። ወንዙን የሚሻገረው ግን እኔ አይደለሁም። ሕጉ ጭንቅላትን ባያውቅም እግርን አሳምሮ ያውቃል፤ የማን እግር ማዶ እንደሚሄድ አይሳሳትም።

ተቀመጥኩ። ቆቡ ከራስ ቅል ጋር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት አለች አዜብ፤ ፀጉሬ አላስቀምጥ አለ። ጥላዬ ከኪሱ ሚዶ አውጥቶ ሰጣት። አበጠረችኝ። ቀጭ አለና ለሁለት ተሰበረ። ጥላዬ በዚያ መከራ መሀል ከት ብሎ ሳቀ። «ነግሬሻለሁ፤ ከሐዲድ ብረት!» ከእኔና ከአዜብ በቀር ማንም አልሰማውም፤ እሷም አዲስ መጪ ስለሆነች ነው።

ስለ ቆቡ እውነቱን ልናገር። አላመመኝም። ዶሮ ከቆርቆሮ ላይ ጥሬ ስትለቅም የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ትንሽ ግንባሬን ከበደኝ፣ አለፈ። በማላምንበት ነገር እንኳ ልዋሽበት አልፈልግም፤ ለሚገባው ጭንቅላት፣ ባለቤቱ ተጠይቆ ቢደፋለት፣ ማን ያውቃል። የኔ ጭንቅላት ግን ያለ ወንጀሉ ነበር የሚንኳኳው።

ከእያንዳንዱ ማንኳኳት በኋላ አቶ ልሳነወርቅ ይመጣሉ።

«መድኃኒትህን ዋጥክ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ምንም አልታመምኩም፣ ጥላዬ ነው የ...»

«ሌላ ሰው አታምጣብኝ። ዋጥክ?»

«አልዋጥኩም።»

«ይጨመርለት።»

እንዲህ እየሆነ ከረመ። ዝናቡ ገብቷል፣ የሰው ጃንጥላ ቤቴ ተከምሯል፣ እኔ እዚያ ዶሮ ትለቅምብኛለች። የከፋው ግን ይህ አይደለም። ጥላዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኪኒኑን ጨርሶ ትቶታል። ማንም እንዳልጠየቀው አትርሱ፤ ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነበር። ግድግዳው በዚያ በኩል ጸጥ አለ። መጋዝ የለም፣ መሞረጃ የለም። ምግብ ስወስድለት በሩን ገርበብ አድርጎ ያየኛል እንጂ አይከፍትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግን ራሱ መጣ። ደጃፌ ላይ ቆመ። ፊቱ ገርጥቷል።

«እትዬ፣ ዋጥኩ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ኪኒኑን ዋጥኩ። ዛሬ ሳይሆን ሰሞኑን ነው የጀመርኩት። ሳልነግርሽ።» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ድምፆቹ አንቺን ነው ያስጠረጠሩኝ። ያመጣሽው ወጥ ውስጥ መርዝ አለ አሉኝ። የኔን ነገር ሹሞቹ ዘንድ እየሄደች የምትሸጠው እሷ ናት አሉኝ። እውነት መሰለኝ እኮ። በሩን ሳልከፍትልሽ የቆየሁት ለዚያ ነው።» እጆቹን አየኋቸው። ይንቀጠቀጣሉ። «አንቺን ከምፈራ እጄ ይንቀጥቀጥ ብዬ ነው።»

እንግዲህ በከተማው ታሪክ አንድ ሰው መድኃኒቱን አስቦበት፣ መርጦ፣ በገዛ ምክንያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋጠው ያኔ ነው። ማግኔት አላንኳኳውም። ሹም አልመከረውም። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ «አታልቅሺ፣ ፀጉርሽ ይባስ ይሸማቀቃል» አለኝ።

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። «ዋጥክ?» አሉኝ አቶ ልሳነወርቅ።

«ዋጥኩ» አልኩ። የሱን እውነት በሱ ስም መናገሬ ነበር፤ ለአንድ ቀን እንኳ ሕጉን ወደድኩት። አልቆየም። አቶ ልሳነወርቅ ቆቡን አቅፈው ሳሙት። እኔን አይደለም፣ ጥላዬንም አይደለም። ቆቡን።

ማጉያው እንደገና ጮኸ። የእሺታ ቢሮ ድል አደረገ፤ እምቢተኛው ሚዶ ሠሪ በቆቡ እሺ አለ፤ በገበያው አደባባይ በዓል ይደረጋል። ከበዓሉ ጋር አብሮ ሌላ ነገር ታወጀ፦ እንደዚህ ሳይቸገር ለሚውጥ በሽተኛ መድኃኒቱ እጥፍ ይሆንለታል፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮም ዘበኛ እየቆመ ያስውጠዋል።

ጥላዬ ሲሰማ ቤቱ ገብቶ መጋዞቹን በጨርቅ ጠቀለላቸው። ሰው አስከሬን ሲገንዝ አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነበር የጠቀለላቸው።

የበዓሉ ቀን አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ ቆቡ በቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ለሱ ወንበር ተሰጥቶታል። እኔና ጥላዬ ቆመናል። አቶ ልሳነወርቅ ስለ ቆቡ ደግነት ተናገሩ። አልበሳም፣ አልቀደደም፣ አላደማም እያሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል ጥላዬ፣ የተደረገልህን ለሕዝቡ ተናገር።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጥላዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«የዋጥኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። «ቆብ አልደፋሁም። ለራሴ ብዬ፣ ለጎረቤቴ ብዬ ነው የዋጥኩት። አሁንም እውጣለሁ። እጥፍ አታድርጉብኝ፣ ቀንሱልኝ። እጄን እዩት። ሌላ ምንም አልለምናችሁም፤ እጄን ብቻ እዩት።»

እጆቹን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። አደባባዩ በሙሉ እኔን እያየ ይጠብቃል። ያቺ የበሬ ነው የፍየል የምትለዋ ሴት ሰማዩን ታያለች። አቶ ልሳነወርቅ ኮሌታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፣ ነፋስ የገባ ይመስል። እኔ የነበረኝ ሥራ የሰማሁትን «እኔ» ብዬ መድገም ነው። ደግሜ ቢሆን ኖሮ የኔን ጤነኛ እጅ ያዩና ውሃ ያስመጣሉ።

አልደገምኩም። 

«አትሰሙም?» አልኩ። «ሰውየው ሲናገር አትሰሙም? ጆሯችሁ ምን ሆነ? ይኼው ከፊታችሁ ቆሞ፣ በገዛ ቋንቋችሁ፣ ከእናንተ የተሻለ ቃል አማርጦ እየተናገረ! ደንቆሮ ሁላ! አትሰሙም ወይ?»

 አቶ ልሳነወርቅ ወደ እኔ ጠጋ አሉ፤ በርኅራኄ።

«ማነው የሚናገረው?»

«ይኼ! እሱ!»

«ምን ይላል?»

«እጄን እዩት ይላል!»

ወደ ሕዝቡ ዞሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ? እኛ የማንሰማውን ድምፅ ትሰማለች።»

«ትሰማለች» አሉ። ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት አደረጉኝ። እስክታመም ነው የጠበቁት።

እዚያው በቆምኩበት ታመምኩ። ሕጉ ማደር አያስፈልገውም። «ለትጓደድ አፍ ይመረጥላት» ተባለ። «ማንን ትመርጫለሽ?»

«ጥላዬን» አልኩ።

ሳቅ ተነሣ። አቶ ልሳነወርቅ ግን አልሳቁም፤ መቼም አይስቁም። የሕጉን መጽሐፍ አስመጥተው ገለጡ። አፍ የሚሆነው ጎልማሳ ጎረቤት ይሁን ይላል። ሰውየውን በደንብ የሚያውቅ ይሁን ይላል። አፍ የሚሆነው ሰው የራሱ ድምፅ ያለው ይሁን የሚል የለም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንደኔ ያለች ነገረኛ ትመጣለች ብለው አላሰቡም። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ሕዝብ ያያል፣ ሕግ ሕግ ነው።

«ሹክ በይው» አሉ በመጨረሻ።

ወደ ጥላዬ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ፀጉሩ ዛሬም ሚዶ አላየም» አልኩት።

ጥላዬ አፉን በእጁ ከደነ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት። ከዚያ ቀና ብሎ «ትጓደድ ነኝ» አለ።

የዚያን ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ ወደ እሱ ዞሩ። ፊታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ሙሉ ሰውነታቸውን። ሕዝቡም እንዲሁ ዞረ። ስንት ዘመን ሰማይ ስታይ የኖረችው ሴት አንገቷን ዝቅ አድርጋ አየችው።

«እሺ ትጓደድ» አሉ እሳቸው፤ ድምፃቸው ደረቀ። «የምትይው አለሽ?»

«አለኝ» አለ ጥላዬ። «እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«አሳዪ።»

አሳየ። ውሃ አመጡ። ጥላዬ ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ግማሹ በአቶ ልሳነወርቅ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ጫማቸውን አዩ። እጁን አዩ። እንደገና ጫማቸውን አዩ። ጫማቸው ባይርስ ኖሮ ዛሬም አይሰሙም ነበር እላለሁ።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ። «የትጓደድ መድኃኒት ይታይላት።»

ሐኪሙም እኔን ሊመረምር እሱን መረመረው። ጣቱን ዘርጋ አለው፣ መንጋጋህን ክፈት አለው፣ ድምፆቹ ምን ይሉሃል፣ መጋዝ ስትይዝ እንዴት ነው አለው። ጥላዬ ሲመልስ የከሰዓቱን ግማሽ ወሰደ፤ ስንት ጊዜ የታቆረ መልስ ነው። ከዚያ መጠኑ ተቀነሰ፣ ሌላ ዓይነት ተሞከረ፣ ሲስማማው ቆመ። በኔ ስም ይታዘዛል፣ እሱ ይውጣል። እጥፉን እንዲያስውጥ የተላከው ዘበኛ ደግሞ በሕጉ መሠረት የጥላዬ አፍ ዘንድ፣ ማለት እኔ ዘንድ፣ በየጠዋቱ እየመጣ «ዋጥክ?» ይለኛል። «ዋጥኩ» እለዋለሁ። ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል።

ወይዘሪት አዜብ ከተማውን ከመልቀቋ በፊት ወደ ጥላዬ ቤት መጣች። ቆቡን ይዛ ነበር። «አንተን ራስህን ልጠይቅህ» አለችው። «ድምፆቹ ተመልሰው መድኃኒቱን መከታተል ሲያቅትህ ይረዳህ ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም። ትሞክረዋለህ?»

«አስብበታለሁ» አላት።

እሷም «አስብበት» ብላ ተቀመጠች። የእሺታ ቢሮ ከተከፈተ ጀምሮ ይህ ቃል በአገሩ የተሰማ አይመስለኝም።

ይህ መልካም መጨረሻ መስሏችሁ ደስ ካላችሁ ቆዩ። መጋዙ ከግድግዳው ማዶ እንደገና ይሰማል፣ ብርጭቆዎቼ ይንቀጨቀጫሉ፣ እውነት ነው። ግን ከወንዙ ማዶ የታጠፈ ልብስ ዛሬም ይመጣል። ጮሃ የምታብድለት ጎረቤት የሌለው ሰው ብዙ ነው። አዜብ ቆቧን ይዛ ብትሄድም ቢሮው ሌላ አሠርቷል፤ እሱም ዛሬም በተሳሳተ ጭንቅላት ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔም ድምፄን ካጣሁ ሰነበትኩ። ጃንጥላ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ከፊቴ ቆሞ «ጥላዬ፣ የትጓደድ ጃንጥላ መቼ ይደርሳል?» ብሎ በግድግዳው ይጮኻል። ጥላዬም «አትቸኩልባት፣ ፀጉሯን እያበጠረች ነው» ይላል፤ በሕግ የኔ ቃል ሆኖ ይመዘገባል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በሕጉ አልተጻፈም። ያላመነ ሰው መጥቶ ጥላዬን ይጠይቅ፤ ሁሉንም ይነግረዋል። ብቻ ስትጠይቁት እባካችሁ ወደ እሱ እያያችሁ ይሁን።